“አገሩ ተስማማት” ይሉናል፤ ጉልበታችን ግን ያመናል

ውድ እህታችን፣ በዛሬው የጤና ዓምዳችን የምናወጋሽ ብዙዎቻችን በሆዳችን ይዘን ስለማናወራው ጉዳይ ነው። ስለ ክብደታችንና ስለ ጉልበታችን።

ከእኛ ከአዘጋጆቹ መካከል በጅዳ ከተማ በሰው ቤት ሠርተን የተመለስን አለን። ከመካከላችን አንዷ ጅዳ በገባች በሁለት ዓመቷ ፎቶግራፍ ተነሥታ ወደ ደሴ ላከች። እናቷ ፎቶውን ለጎረቤት ሁሉ አሳዩ። “እሰይ! አገሩ ተስማማት፣ ፊቷ ሞላ!” ተባለ፤ ቡናም ተፈላ። እሷ ግን በዚያው ሳምንት የልብስ ቅርጫት ይዛ ከምድር ቤት ወደ ሦስተኛው ፎቅ ስትወጣ ሁለት ጊዜ ደረጃው ላይ ቁጭ ብላ ነበር። ስትሄድ 58 ኪሎ ነበረች፤ አሁን 73 ሆናለች። ጉልበቷ ሌሊት ሌሊት ይጠዘጥዛታል። ለእናቷ ግን አልነገረቻቸውም። “አሞኛል” ማለት “ከእንግዲህ ገንዘብ አልልክም” ማለት መስሎ ታያት።

እኛ አገር ሰው ሲወፍር ተመቸው ይባላል። በስደት ቤት ግን ውፍረት ብዙ ጊዜ የምቾት ሳይሆን የድካም፣ የእንቅልፍ ማጣትና የናፍቆት ምልክት ነው። ይህን ለራሳችን ካልተናገርን ማንም አይናገርልንም።

ቀኑን ሙሉ እየሠራን ለምን እንወፍራለን?

“ከጠዋት እስከ ሌሊት ቆሜ እየዋልኩ ምን ስፖርት ያስፈልገኛል?” ትዪ ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። የቤት ሥራም እንቅስቃሴ ነው። ነገር ግን ቀኑን ሙሉ የሚደክመው ያው አንድ ቦታ ነው፤ ጎንበስ ያለ ወገብ፣ መሬት ላይ የተንበረከከ ጉልበት፣ ውኃ ውስጥ የከረመ እጅ። ልብና ሳንባ ግን ያለማቋረጥ ለአሥርና ለአሥራ አምስት ደቂቃ የሚሠሩበት ጊዜ እምብዛም የለም።

ምግቡም አለ። ቤተሰቡ እኩለ ሌሊት ላይ ይበላል፤ ከእነሱ የተረፈውን ካብሳ እኛ ዕቃ አጥበን ስንጨርስ፣ ሌሊት በሰባት ሰዓት፣ ቆመን እንጎርሳለን። ቀን ደግሞ ድካሙን በሻይ እናባርራለን፤ በእያንዳንዱ ብርጭቆ ሦስት ማንኪያ ስኳር። በዚያ ላይ እንቅልፍ የለም። እንቅልፍ ያጣ ሰው በማግሥቱ ርሃቡ እንደሚበረታ፣ በተለይም ጣፋጭና ቅባት እንደሚያምረው የታወቀ ነው። ስለዚህ እህታችን፣ የወፈርሽው ሆዳም ስለሆንሽ አይደለም።

ሲሮጡ የታጠቁት…

ይህች እህታችን መጀመሪያ የሞከረችው በሰው በሰው የተሸጠላትን የማቅጠኛ ክኒን ነበር። “ከዕፅ ብቻ የተሠራ ነው” አሏት። በአራተኛው ቀን ልቧ ከደረቷ ሊወጣ እስኪደርስ መታ፤ እንቅልፏ ጭራሽ ጠፋ። ክኒኑን ወደ ሽንት ቤት ደፋችው፤ ደግ አደረገች።

ሲቡትራሚን የሚባል የማቅጠኛ መድኃኒት የልብ ድካምና ስትሮክ ያመጣል ተብሎ እ.ኤ.አ. በ2010 ከአውሮፓና ከአሜሪካ ገበያ ወጥቷል። ከዚያ በኋላም “የተፈጥሮ” ተብለው በሚሸጡ የማቅጠኛ ክኒኖች ውስጥ ተደብቆ ብዙ ጊዜ ተገኝቷል። “የማቅጠኛ ሻይ” ከሚባሉት ብዙዎቹ ደግሞ የሚያስቀምጡ ናቸው፤ የሚቀንሱት ስብ ሳይሆን ውኃ ነው፤ ውኃ ስትጠጪ ኪሎው ይመለሳል። አባቶቻችን “ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል” ያሉት ለዚህም ይሠራል።

ዕቃ ቤት ውስጥ የተገኘችው መዝለያ

በዚያ ቤት ሰገነት ላይ ባለው ዕቃ ቤት አንዲት ክብ ነገር ግድግዳ ተደግፋ አቧራ ጠጥታ ቆማ ነበር። ወርዷ አንድ ሜትር የማይሞላ፣ ስድስት አጫጭር እግሮች ያሏት፣ ጥቁር ሸራ በሞላ የተወጠረባት። ሚኒ ትራምፖሊን ይሏታል። ማዳም ገዝተው ሁለት ሳምንት ዘለሉባትና ተዉአት።

እንዲህ ያለ ዕቃ በሳዑዲ ቤቶች መገኘቱ አያስደንቅም። የአገሩ ሴቶች ራሳቸው ለብዙ ዘመን ስፖርት የሚሠሩበት ቦታ ይቸግራቸው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2009 ፈቃድ የላቸውም ተብለው የሴቶች ጂሞች በተዘጉ ጊዜ “ትወፍር ተዉአት” የሚል ስም የተሰጠው የሴቶች የተቃውሞ ዘመቻ ተነሥቶ ነበር። መንግሥት ለሴቶች ጂም ፈቃድ መስጠት የጀመረው በ2017 ነው። በመንግሥት ትምህርት ቤቶች ለልጃገረዶች የስፖርት ትምህርት እንዲሰጥ የተወሰነውም በዚያው ዓመት ነው። ከዚያ በፊት ብዙ እመቤቶች የሚንቀሳቀሱት እንደኛው እቤታቸው ውስጥ ነበር።

ትራምፖሊንን በ1930ዎቹ የሠራው ጆርጅ ኒሰን የሚባል አሜሪካዊ ጂምናስቲክ ሠሪ ነው። የሰርከስ ሰዎች ከላይ ወርደው መረብ ላይ ሲነጥሩ አይቶ ነው ሐሳቡ የመጣለት ይባላል። በ2000 በሲድኒ ኦሎምፒክ ለመጀመሪያ ጊዜ የውድድር ስፖርት ሆኗል። እነዚያ የኦሎምፒክ ዘላዮች ግን ወደ ሰማይ የሚወነጨፉ ናቸው። የእኛዋ ትንሿ መዝለያ ለከፍታ አልተሠራችም። እሷ ላይ እግርሽ ከሸራው የሚነሣው አንድ ጣት ያህል ቢሆን ይበቃል። ልጅ ሆነሽ ሱዚ ወይም ሰኞ ማክሰኞ ከዘለልሽ፣ ከዚያ በታች ነው።

ምን ትጠቅማለች? ምንስ አትጠቅምም?

በ1980 የአሜሪካ የጠፈር ምርምር ተቋም የናሳ ተመራማሪዎች ስምንት ወጣት ወንዶችን በመሮጫ ማሽንና በትራምፖሊን ላይ አድርገው አወዳድረዋቸው ነበር። ሲሮጡ ቁርጭምጭሚት ላይ የሚያርፈው ምት ወገብና ግንባር ላይ ከሚደርሰው ከሁለት እጥፍ በላይ ሆኖ ተገኘ። ትራምፖሊን ላይ ግን ምቱ ለሦስቱም ቦታዎች ተቀራራቢ ነበር። በቀላል አነጋገር ሸራው ሰውነትሽን ተቀብሎ ቀስ አድርጎ ይመልስሻል። በእምነ በረድ ወለል ላይ ቀኑን ሙሉ ለዋለ እግር ይህ ትልቅ ነገር ነው። ሻጮች ከዚህ ጥናት ተነሥተው ተአምር ሲያወሩ ብትሰሚ ግን አትመኚ፤ ጥናቱ ስለ ማቅጠን የተናገረው ነገር የለም።

ስለ ክብደትስ? በ2016 በአሜሪካ በተደረገ ሌላ ጥናት በትንሿ ትራምፖሊን ላይ በርትተው የዘለሉ ሴት ተማሪዎች በደቂቃ 9.4 ካሎሪ ያህል አቃጥለዋል። በአሥር ደቂቃ 94 ማለት ነው። ይህም ለጠነከሩ ወጣቶች ነው፤ ለጀማሪ ከዚያ ያንሳል። አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር 16 ካሎሪ ገደማ ነው። እንግዲህ አንቺው አስዪው፤ አሥር ደቂቃ ሙሉ ዘለሽ የምታቃጥዪው በሁለት ብርጭቆ ሻይ የምትጨምሪውን ስኳር ያህል ነው። አንድ ጣሳ ለስላሳ መጠጥ ደግሞ 140 ያህል ካሎሪ አለው።

ይህን የምንነግርሽ ተስፋ ልናስቆርጥሽ አይደለም። ዝላዩ ብቻውን እንደማያቀጥንሽ ቀድመሽ ብታውቂ በሦስተኛው ሳምንት ሚዛን ላይ ወጥተሽ አታለቅሺም። ዝላዩ ልብሽን ያጠነክራል፣ የእግርሽን ጡንቻና ሚዛንሽን ያበረታል፣ እንቅልፍሽን ያስተካክላል። ኪሎውን የሚቀንሰው እሱና የምግቡ ለውጥ አብረው ሲሆኑ ነው።

ከመውጣትሽ በፊት

አንደኛ፣ አስፈቅጂ። ዕቃው የሰው ነው። ሳትጠይቂ ወጥተሽ ሞላው ቢበጠስ ከደመወዝሽ ሊቆረጥ ይችላል። እህታችን ማዳም ደስ ያላቸውን ሰዓት ጠብቃ፣ ቡና ስታቀርብ፣ ዕቃ ቤቱን ማጽዳቷን ነግራ “ሙምኪን?” አለች። ማዳም ሳቁና “ውሰጂያት” አሉ። ሁሉም እንዲህ አይሉም፤ እምቢ ካሉ ግን ያለ ትራምፖሊንም መንገድ አለ፣ ከታች እንነግርሻለን።

ሁለተኛ፣ ቦታውን ምረጪ። በሩ የሚዘጋ፣ ወንዶች የማያልፉበት፣ ካሜራ የሌለበት ይሁን። ከራስሽ በላይ የጣሪያ ማራገቢያ አይኑር። ሰገነት ላይ ከሆነ ከአጥሩ ጫፍ ራቂ፤ የልብስ ማስጫ ገመድም አንገትሽ አጠገብ እንዳይሆን። ወለሉ የተስተካከለ ይሁን፤ ግድግዳ ወይም የማይነቃነቅ ወንበር በእጅሽ የምትደርሺበት ቦታ ላይ ይኑር።

ሦስተኛ፣ መዝለያዋን መርምሪ። እግሮቿ ጠብቀዋል? ሞላው ዝጓል? ሸራው ተቀዷል? ስንት ኪሎ እንደምትችል ጠርዟ ላይ ወይም ካርቶኗ ላይ ይጻፋል። ከክብደትሽ በታች ከሆነ ተያት።

አራተኛ፣ ልብስሽን አስተካክዪ። አባያና ረጅም ቀሚስ እግር ይጠልፋል፤ ሱሪና ሰፊ ቲሸርት ልበሺ፤ የሻሽሽን ጫፍ ወደ ውስጥ መልሺው። ካልሲ ያንሸራትታል፤ በባዶ እግርሽ ወይም በማያንሸራትት ጫማ ሁኚ።

አምስተኛ፣ ይህን አደራ! የምታሳድጊውን ልጅ ይዘሽ አትዝለዪ፤ ልጆችም ተደራርበው እንዲወጡ አትፍቀጂ። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች ማኅበር በ2012 እንዳስታወቀው ከትራምፖሊን ጉዳቶች ሦስት አራተኛው እጅ ያህሉ የሚደርሰው ከአንድ በላይ ሰው አብሮ ሲዘል ነው። ልጁ ቢሰበር ጥፋቱ የማን እንደሚሆን አንቺም እኛም እናውቃለን። ስትጨርሺ አጥፈሽ ከፍ ካለ ቦታ አስቀምጪያት።

እርጉዝ ከሆንሽ፣ በቅርቡ ከወለድሽ ወይም ቀዶ ጥገና ካደረግሽ፣ የዲስክ መንሸራተት፣ የልብ በሽታ፣ ያልተቆጣጠርሽው የደም ግፊት ወይም ራስ ማዞር ካለብሽ ሐኪም ሳያይሽ አትጀምሪ። ወልደሽ የነበርሽ ከሆነና ስትዘዪ ሽንት የሚያመልጥሽ ከሆነ አትፈሪ፣ በብዙ እናቶች ላይ የሚደርስ ነው። ዝላዩን ተዪና እዚያው ላይ ተራመጂ።

የመጀመሪያዎቹ አራት ሳምንታት

ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል። ከዚህ የበለጠ የስፖርት ምክር አናውቅም።

በመጀመሪያው ሳምንት ሦስት ቀን፣ አምስት አምስት ደቂቃ ብቻ። እግርሽን በትከሻሽ ልክ ከፍተሽ፣ ጉልበትሽን ጥቂት አጥፈሽ መሃል ላይ ቁሚ። መጀመሪያ ክብደትሽን ከቀኝ ወደ ግራ አመላልሺ። ከዚያ እግርሽ ከሸራው ሳይለቅ ወደ ታች ግፊ፣ ልቀቂ፣ ግፊ፣ ልቀቂ። ይኸው ነው። ዓይንሽ ፊት ለፊት ይይ፤ ወደ እግርሽ አትመልከቺ፣ ያዞርሻል። ስትወርጂ አትዝለዪ፤ አንድ እግርሽን መሬት አስረግጠሽ ውረጂ። መሬቱ ለጥቂት ጊዜ የሚነቃነቅ ይመስልሻል።

በሁለተኛው ሳምንት ስምንት ደቂቃ። በመሃሉ ሦስት ደቂቃ ያህል ቦታሽ ላይ እንደ ሰልፈኛ ተራመጂ፤ እጅሽን አወዛውዢ።

በሦስተኛው ሳምንት አሥር ደቂቃ። አንድ ደቂቃ ለስላሳ ዝላይ፣ አንድ ደቂቃ እርምጃ፣ እያፈራረቅሽ። ስታርፊ በሙሉ እግርሽ እረፊ፣ በጣትሽ ጫፍ አይሁን።

በአራተኛው ሳምንት አራት ቀን፣ አሥራ አምስት ደቂቃ። እግር መክፈትና መግጠም፣ ጉልበት ማንሣት ጨምሪ። የትከሻ እስክስታም ይሄዳል፤ እኛ ሞክረነዋል፣ ሣቁ ራሱ ስፖርት ነው።

ልኩን እንዴት ታውቂያለሽ? ማውራት ከቻልሽና መዝፈን ካቃተሽ ልክ ነው። ማውራትም ካቃተሽ ቀንሺ። ደረትሽን ካመመሽ፣ ካዞረሽ ወይም መገጣጠሚያሽን ከወጋሽ አቁሚ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 ባወጣው መመሪያ ለአዋቂዎች በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መጠነኛ እንቅስቃሴ ይመክራል፤ በአንድ ጊዜ መሆንም የለበትም፣ አምስት ደቂቃም ይቆጠራል። ለእኛ ዓይነቱ ሥራ ይህ የምሥራች ነው።

መዝለያ ለሌላት፦ ከመካ የሰማነው

መካ ከጅዳ ሰማንያ ኪሎ ሜትር የማትሞላ ከተማ ብትሆንም ሙስሊም ያልሆነ ሰው አይገባባትም፤ ስለዚህ እኛ አላየናትም። እዚያ የምትሠራ የወሎ ልጅ፣ ሙስሊም እህታችን ግን አለች፤ ጅዳ ያለች ጓደኛዋ ይህን ዓምድ በስልክ ታነብላታለች። እኛም ይህን ስናዘጋጅ ደወልንላት።

“እኔ ዘንድ ትራምፖሊን የለም፤ ያለው ደረጃ ነው” አለችን። ቤቱ አራት ፎቅ ነው። በረመዳንና በሐጅ ጊዜ በእንግዳ ይሞላል፤ እሷም ከማዕድ ቤት አትወጣም። ውጭ መሄድማ የማይታሰብ ነው፤ በሰኔ 2024 በሐጅ ወቅት በመካ ሙቀቱ 51.8 ዲግሪ ደርሶ ነበር። ስለዚህ የምትሠራው ሌሊት፣ ከዒሻ ሶላት በኋላ፣ ማቀዝቀዣው ባለበት ክፍል ነው። ብርድ ልብሷን ሳይሆን ምንጣፉን አንጥፋ አምስት ደቂቃ በቦታዋ ትራመዳለች። ከዚያ የደረጃውን የመጨረሻ እርከን በቀኝ እግር ወጥታ በግራ ትወርዳለች፣ ሃያ ጊዜ፤ እግር ቀይራ ሃያ ጊዜ፤ አንድ እጇ መደገፊያው ላይ። በመጨረሻም ግድግዳ ተደግፋ ተረከዟን ታነሣለች። በረመዳን ካፈጠረች አንድ ሰዓት ተኩል በኋላ ቀለል አድርጋ ትሠራለች፤ በጾም ሰዓት አትሞክርም። እኛም በጾማችን ወራት እንዲሁ ብናደርግ መልካም ነው።

ሶፋና ፍራሽ ላይ ግን አትዝለዪ። አንደኛ ይሰበራል፤ ሁለተኛ ተረግጦ የሚጠልቀው እኩል ስላልሆነ ቁርጭምጭሚት ወለም ይላል። ትራምፖሊን ለመግዛትም ብለሽ ለእናትሽ የምትልኪውን አትንኪ። ጅዳ ሆነሽ የዕረፍት ቀን የምታገኚ ከሆነ የኮርኒሹ የባሕር ዳር መንገድ አለልሽ፤ ፀሐይ ሲያዘቀዝቅ መራመድ ገንዘብ አይጠይቅም። ከ2024 ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው የቤት ሠራተኞች ደንብ በሳምንት ያልተቆራረጠ የ24 ሰዓት ዕረፍት፣ በቀንም ከአሥር ሰዓት ያልበለጠ ሥራ ይላል። ወረቀቱና ቤቱ ሁልጊዜ እንደማይገናኙ እናውቃለን፤ ሆኖም መብትሽን ማወቅ አይከፋም።

ከማዕዱም ጥቂት

ሦስት ነገር ብቻ እንለምንሻለን። የሻይሽን ስኳር ከሦስት ማንኪያ ወደ ሁለት፣ ከወር በኋላ ወደ አንድ አውርጂ። ምግብሽን ሌሊት ቆመሽ ከመጉረስ ይልቅ በአመሻሹ ሳህን ላይ አውጥተሽ፣ ቁጭ ብለሽ ብዪ፤ ከሩዙ ግማሹን ሰላጣ ወይም ምስር አድርጊው። ውኃ ደግሞ ጠጪ፤ በዚያ ሙቀት ያስፈልግሻል።

ያቺ እህታችን በአምስት ወር ስድስት ኪሎ ቀነሰች። ስድስት ብቻ፤ አሥራ አምስቱ አልሄደም። ግን ቅርጫቱን ይዛ ሦስተኛው ፎቅ ሳታርፍ መውጣት ቻለች፤ ጉልበቷም ሌሊት ማስተኛት ጀመረ። ከሁሉ በላይ የምታስታውሰው ግን ሌላ ነው። “በዚያ ቤት ውስጥ በቀን አሥራ አምስት ደቂቃ ማንም ስሜን አይጠራም ነበር” ትለናለች።

ወደ ደሴም ሌላ ፎቶ ላከች። እናቷ “ምነው ልጄ ከሳሽ፣ አይመግቡሽም እንዴ?” ብለው ደነገጡ። ያን ጊዜ ነው ስለ ጉልበቷም፣ ስለ ደረጃውም፣ ስለ ክኒኑም ሁሉን የነገረቻቸው። እናቷ ጥቂት ዝም ብለው “ታዲያ እስካሁን ለምን ደበቅሽኝ?” አሏት።

አንቺም እህታችን፣ የምትልኪው ገንዘብ ከሰውነትሽ ነው የሚወጣው። ሰውነትሽን ጠብቂው። ለእናትሽም እውነቱን ንገሪያት። ዛሬ ማታ በአምስት ደቂቃ ጀምሪ፤ እንዴት እንደሆነልሽም ጻፊልን። በሰላም ያገናኘን።